ሁለት ዓመት ተከራክሬ አሁንም ሦስተኛ ነኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ሁሌ_ሦስተኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብሪቲሽ ፓርላመንተሪ (ሁለት ሁለት ሰው ያላቸው አራት ቡድኖች የሚፎካከሩበትን የክርክር ውድድር) መከራከር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። እኔና ፓርትነሬ ከአራቱ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ፣ ሲብስብን አራተኛ እንወጣለን። አንደኛ ሦስት ነጥብ፣ አራተኛ ዜሮ ነው፤ በዚህ ሒሳብ ጥሎ ማለፍ ገብተን አናውቅም። የሚያናድደኝ ደግሞ አነጋገሬ መጥፎ አይደለም። አልንተባተብም፣ ሰባቱን ደቂቃ እሞላለሁ፣ ሰውም ያጨበጭብልኛል። ከዚያ ዳኛው ይመጣና "አልክ እንጂ አላሳየህም" ይለኛል።

ባለፈው ሞሽኑ (የክርክሩ ርዕስ) ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከማኅበራዊ ሚዲያ ስለ መከልከል ነበር። የመጀመሪያው የመንግሥት ቡድን፣ ማለትም ሞሽኑን ደጋፊ፣ እኛ ነን፣ ከፋቹ ተናጋሪ እኔ። አምስት የመከራከሪያ ነጥብ ይዤ ገባሁ፣ አምስቱንም ተናገርኩ። አራተኛ! ተቃዋሚው ልጅ ሁለት ነጥብ ብቻ ይዞ አንደኛ ወጣ። ድምፄን ልቀይር? ቃላት ልሸምድድ? ሐቁን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

የጀርባ_ወንበር፦
አልቀየምም ካልክማ ልንገርህ። ድምፅህን ተወው። የጎዳህ አምስቱ ነጥብ ነው። ሰባት ደቂቃን ለአምስት ስታካፍለው ለአንዱ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርሰውም፣ ከዚያ ላይ ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ያጠፋኸውን ቀንስ። ምን ቀረህ?

"ልጆች ይጨነቃሉ" ብለህ ወደሚቀጥለው ዘለልክ ብዬ እገምታለሁ። ለምን ይጨነቃሉ? ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያው የሚታየው ልጁ ስክሪኑ ላይ በቆየ መጠን ነው፣ ስለዚህ ገጹ ቢወርዱት ቢወርዱት እንዳያልቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ልጁ ደግሞ የጓደኛ ዓይን ከምንም በላይ በሚከብድበት ዕድሜ ላይ ሆኖ ስንት ላይክ እንዳገኘ በቁጥር ይነገረዋል። እሺ፣ ታዲያ ለምን ትቶት አይወጣም? የክፍሉ ልጅ በሙሉ እዚያ ስላለ ነዋ። ብቻውን የወጣ ልጅ ቀልዱም ቀጠሮውም ያመልጠዋል። ወሳኙ ቦታ እዚህ ጋ ነው፦ አንድ ወላጅ ለብቻው ቢከለክል ልጁን ከጓደኞቹ ይነጥለዋል፣ ሕግ ሲከለክል ግን ሁሉም አብረው ይወጣሉ። ይህን ካሳየህ "ለወላጅ እንተወው" የሚለውን መልስ ተቃዋሚው አፉን ሳይከፍት ዘግተህበታል። ይህ አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ደቂቃ ይበላል፣ ይብላ።

ዳኝነት_ሰለቸኝ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ከዳኛ ወንበር የሚታየውን ልጨምር። እኛ የምንዳኘው ስለ ዓለም መጠነኛ ነገር እንደሚያውቅ፣ ግን በጉዳዩ ልዩ ባለሙያ እንዳልሆነ አስተዋይ ሰው ሆነን ነው። የዘለልከውን እርምጃ እኔ ልሞላልህ አልችልም፣ ባውቀውም። ስማ፣ አውቄው ዝም ያልኩበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ያማል።

ሌላው ማነጻጸር ነው። ተቃዋሚው "ልጆቹ ዕድሜያቸውን ዋሽተው ይገባሉ" ይላል። አብዛኛው ሰው "አይዋሹም፣ እንቆጣጠራለን" ብሎ ይመልሳል። አይዋሹም፣ ይዋሻሉ፣ አይዋሹም... እኔ በየትኛው ልፍረድ? ጎበዙ ግን "እሺ፣ ግማሾቹ ይዋሹ። ግማሹ ክፍል ከወጣ መውጣት የፈለገ ልጅ ብቸኛ መሆኑ ቀረ፣ ይህ ራሱ ይበቃናል" ይላል። የተቃዋሚውን ነጥብ በሙሉ ኃይሉ ተቀብሎ፣ ያም ሆኖ አሸነፈ ማለት ነው። ዳኛ ለንግግርህ ከመቶ የሚሰጥህ የተናጋሪ ነጥብ 75 አካባቢ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ (አማካዩ እሱ ነው) ብዙ ጊዜ የጎደለው ይህ ነው።

ስለ ፒኦአይ (እየተናገርክ ሳለ ተቃራኒው ወገን ተነሥቶ የሚያቀርብልህ አጭር ጥያቄ) አልጠየቅክም ግን ልናገር። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደቂቃ ላይ አይጠየቅም። በመሃል አንድ ተቀበል፣ ሲበዛ ሁለት፣ እሱንም ነጥብህን ከጨረስክ በኋላ። ዐረፍተ ነገር አጋምሰህ "እሺ ቀጥል" የምትል ከሆነ ራስህን እየገደልክ ነው።

ማታ_አንባቢ፦
ይቅርታ፣ እኔ በከፊል አልስማማም። ሞሽኑ ከተነገረ በኋላ ያለው የዝግጅት ጊዜ 15 ደቂቃ ነው፣ ኢንተርኔት የለም። ጭንቅላትህ ውስጥ የሌለውን ከየት ታመጣዋለህ? የማኅበራዊ ሚዲያ ሞሽን ለሁሉም ቀላል ነው። ስለ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲመጣ እንተያያለን። የአርዕስተ ዜና ንባብ አይጠቅምም፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አንብብ። ወለድ ሲጨምር መበደር ይወደዳል፣ ሱቁ ዕቃ ለመሙላት አይበደርም፣ ቤተሰቡም ትልቅ ዕቃ መግዛቱን ያዘገያል፣ ዋጋው የሚረጋጋው በዚያ ነው። እዚህ ውስጥ ማን ተጎዳ? ማን ዳነ? በሳምንት አንድ እንዲህ ያለ ጉዳይ ይበቃል።

የጀርባ_ወንበር፦
@ማታ_አንባቢ ልክ ነህ፣ ግን ንባብ ብቻውን እኔን አበላሽቶኝ ነበር። አንድ ጊዜ በአንድ ንግግር የሰባት አገር ስም ደረደርኩ። ዳኛዋ "እና?" ብላ ብቻ ጻፈች። ወረቀቱ አሁንም አለኝ።

ደግመህ_በለው፦
ቃላት ልሸምድድ ወይ ላልከው ማንም አልመለሰልህም። ሽምደዳውን ተወውና ንግግርህን በስልክ ቅዳው። ዳኛው አስተያየት የሰጠህ ዕለት ማታ ያንኑ ሞሽን፣ ያንኑ ወገን፣ ሰባቱን ደቂቃ ደግመህ ተናገረው። ይሰለቻል። ሁሉም ሰው አዲስ ሞሽን ነው የሚያምረው፣ ለዚህ ነው አሮጌ ስሕተቱን በየሞሽኑ ይዞት የሚዞረው። ከፓርትነርህ ጋርም የዝግጅቱን የመጀመሪያ አራት ደቂቃ ሳትነጋገሩ ለየብቻ ጻፉ፤ አለበለዚያ ቀድሞ የተናገረው ሰው ሐሳብ የሁለታችሁም ሆኖ ይቀራል።

ሁሌ_ሦስተኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፓርትነሬ የዚያን ቀን ቀድታኝ ነበር፣ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። አፈርኩ። "ይህ እጅግ ወሳኝ ነው" የሚለውን ስድስት ጊዜ ብያለሁ፣ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ግን አንድም ቦታ የለም። ማታ በሁለት ነጥብ ብቻ ደግሜ ሠራሁት። በ4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አለቀብኝ። ቀሪውን በምን ልሙላው?

ደግመህ_በለው፦
ሦስተኛ ነጥብ እንዳትጨምር! አሁን ተቃዋሚ ሁንና የራስህን ንግግር አፍርሰው። የፈረሰበትን ቦታ ለመጠገን 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አለህ።

ሁሌ_ሦስተኛ፦
ሞከርኩት። "ልጆቹ ከዚያ ወጥተው ጭራሽ ተቆጣጣሪ ወደሌለው፣ ወደባሰ ቦታ ቢሄዱስ?" ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። መልስ የለኝም። ፓርትነሬን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት፣ እሷም የላትም ሃሃሃ። እስከ ጠዋት የሚመጣልኝ ካለ እጽፋለሁ።