ኮንትራቱን ልተው ወይስ ልቀጥል? የቴክኒክ ጸሐፊዎች ምከሩኝ

የሶፍትዌር መመሪያና የኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ) ሰነድ እጽፋለሁ። እስካሁን የሠራሁት በኮንትራት እያማከርኩ ነው፤ አሁን አንዱ ደንበኛዬ በቋሚነት እንድቀጠር ጠይቆኛል፣ መልስ የሚፈልገውም እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

ደመወዙ በኮንትራት ከማገኘው ያንሳል። ነገር ግን ደንበኛ ስፈልግ፣ ፕሮፖዛል ስጽፍና ያልተከፈለ ሒሳብ ስከታተል የሚያልፈው ሰዓት አይከፈልበትም፤ ስታመምም ገቢ የለም። ይህ ሁሉ ሲታሰብ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የያዘኝ ገንዘቡ አይደለም።

የያዘኝ ሥራው ራሱ ነው። በኮንትራት ሰነዱን አስረክቤ እወጣለሁ። ቆይቼ ሳየው የአንድ ፓራሜትር (ለፕሮግራሙ የሚሰጥ ግብዓት) ስም በኮዱ ተቀይሯል፣ በሰነዱ ያለው ምሳሌ ግን የድሮው ነው፤ ተጠቃሚው ገልብጦ ሲሞክረው 400 ስህተት፣ ማለትም ጥያቄህ ትክክል አይደለም የሚል መልስ፣ ይመለስለታል። ይህ ያንገበግበኛል። ቋሚ ብሆን ሰነዱ ከኮዱ ጋር ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) ላይ ይቀመጣል፣ ኮዱ ሲቀየር እኔም አብሬ አስተካክላለሁ። በሌላ በኩል ዛሬ የክፍያ ሥርዓት፣ ነገ የመረጃ ቋት እያልኩ አዲስ ነገር መማሩን በጣም እወደዋለሁ፤ አንድ ምርት ላይ ብቻ ስጽፍ ብኖር ችሎታዬ እንዳይደንዝ እሰጋለሁ።

ለደንበኛው በየወሩ የተወሰነ ሰዓት ያለው የጥገና ውል አቅርቤ ነበር። በጀታችን ወይ ለፕሮጀክት ነው ወይ ለቅጥር ብለው አልተቀበሉትም።

ከማማከር ወደ ቋሚ ቅጥር የገባችሁ፣ አንድ ምርት ላይ መቆየታችሁ ቀጣዩን ሥራ ስትፈልጉ ጠቀማችሁ ወይስ ጎዳችሁ?