አስቸኳይ፦ ባለቤቴን ኮራል እግሩን ወጋው፣ ምን ላድርግ?

መንገደኛዋ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ባለቤቴ ከዳርቻው ወደ ውስጥ ሲራመድ የኮራል ድንጋይ ተረከዙን ወጋው። ጥቋቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ ያቃጥለዋል፤ መቆም አልቻለም። ደሴቲቱ ላይ ክሊኒክ የለም፤ ጀልባው የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው። በመርፌ ቆፍሬ ላውጣው?

የባሕር ልጅ፦ አይዞሽ እህቴ። አቼቶ አፍስሺበት፣ ይበቃዋል።

መምህሩ፦ ኮራል ድንጋይ አይደለም፤ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። ግዙፎቹ በዓመት ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አያድጉም፤ አንድ ሰው በአንድ እርምጃ የሚሰብረው የብዙ ዓመት ዕድገት ነው። የምንቀባው የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንኳ ይጎዳዋል ተብሎ የፓስፊክ ደሴቶች አገር ፓላው በ2020፣ ሃዋይ በ2021 ኦክሲቤንዞን የተባለ ኬሚካል ያለባቸውን ቅባቶች ከልክለዋል። ጎብኚ ይህን አውቆ ቢሄድ መልካም ነው።

መንገደኛዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር፤ አሁን የጨነቀኝ ግን እግሩ ነው። እያበጠ ነው።

ጠላቂው፦ ኮራል ነው የሚለውን አልቀበልም። ኮራል ይልጣል፣ ይቦጭራል እንጂ ጥቋቁር ነጥብ አይተውም። የረገጠው የባሕር ጃርት፣ ማለትም መላ አካሉ እሾህ የሆነ ክብ የባሕር እንስሳ፣ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን አጣሪ፦ ነጥቦቹ ብዙ ናቸው ወይስ አንድ ሁለት ቀዳዳ ብቻ? ጥቂት ቀዳዳ ሆኖ ሕመሙ ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ፣ ድንጋይ መስሎ የሚተኛው መርዛም ዓሣ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ነገን አትጠብቁ፤ በማንኛውም መንገድ ጀልባ አስጠሩ።

የባሕር ልጅ፦ አቼቶ ብያለሁ።

ሣቂታው፦ ጃርቱም እኮ ቤቱ ድረስ መጥተው ረግጠውት ነው! ለማንኛውም እግዚአብሔር ይማርልሽ። ሽንት ይሸናበት የሚል ሰው ከመጣ አትስሚው፤ ጥቅም የለውም።

ነርሷ፦ እህቴ፣ መርፌውን አስቀምጪው። የጃርቱ እሾህ ተሰባሪ ነው፤ ስትቆፍሪ ወደ ውስጥ ይቀራል። አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በድንጋይም አትቀጥቅጪው። እግሩን ሊታገሠው በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከረው፤ ከ45 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አይለፍ። ሙቀቱን በራስሽ እጅ ለኪ፤ የተጎዳው እግር ስለሚደነዝዝ ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። ከዚያ ጫፉ ብቅ ያለውን በወረንጦ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ፣ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቢ። አቼቶ ከላይ ያሉትን ቀጫጭን እሾሆች ሊያለሰልስ ይችላል፤ ሕመሙን የሚያስታግሰው ግን ሙቅ ውኃው ነው። ጥቁሩ ሁሉ እሾህ ነው ብለሽም አትደንግጪ፤ ቀለም ብቻ ከሆነ በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ ግን አንድ ደቂቃ አታባክኑ።

መንገደኛዋ፦ ነጥቦቹ ብዙ ናቸው፣ ተበታትነዋል። ትንፋሹ ደህና ነው። ውኃ እያሞቅሁ ነው።

ነርሷ፦ ጎበዝ። ከመገጣጠሚያ አጠገብ ተሰብሮ የቀረ ካለ ነገ ሐኪም ይየው። የቴታነስ ክትባት የወሰደው መቼ ነው?

ዕቅድ አውጪ፦ እኔም ወደ ኮራል ደሴት ልሄድ ነው። ነጠላ ጫማ ይበቃል?

ጠላቂው፦ አይበቃም፤ ከእግር ይወልቃል። ወፍራም ሶል ያለው የውኃ ጫማ ያዝ፤ እሱንም ቢሆን ረጅም እሾህ ሊበሳው ስለሚችል ጥቁር ነገር ካየህ ዙረህ እለፍ። አሸዋው ላይ እግርህን ሳታነሣ እየጎተትህ ሂድ፤ የተቀበረ ዓሣ ካለ ቀድሞህ ይሸሻል።