ውሻን ከደብረ ማርቆስ ወደ ጀርመን መውሰድ፦ ቺፑ ይቅደም ወይስ ክትባቱ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቡቺ የምትባል የሦስት ዓመት የአበሻ ውሻ አለችኝ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ጠቅልዬ ወደ ጀርመን ስለምሄድ ይዣት መሄድ እፈልጋለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጥር ላይ ወስዳለች፣ ካርዱም አለ። ማይክሮቺፕ፣ ማለት ቆዳ ሥር የሚገባው የመለያ ቁጥር ያለው ቺፕ፣ ግን የላትም። አሁን ባስገባላት ይበቃል? የደም ምርመራውስ ግዴታ ነው?

ጣና ዳር፦
እህቴ፣ ክትባቱ በቂ መከላከያ መፍጠሩን የሚያሳየው የደም ምርመራ ግዴታ ነው፤ በሁለት ወር ተኩልም አይደርስልሽም። ጥር ላይ የወሰደችው ክትባት ደግሞ አይቆጠርም። የአውሮፓ ኅብረት ቺፑ ከክትባቱ በፊት፣ ቢዘገይ በዚያው ቀን፣ እንዲገባ ይጠይቃል። የተከተበችው ራሷ ቡቺ መሆኗን የሚያረጋግጠው የቺፑ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ከቺፑ ጀምሪ። 15 አሃዝ ያለው፣ አይሶ 11784 እና 11785 የሚባለውን ደረጃ የሚያሟላ ይሁን። በየወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ላይገኝ ስለሚችል ደውለሽ ጠይቂ። ሐኪሙ ቺፑን በመርፌ ከማስገባቱ በፊትም ካስገባ በኋላም በማንበቢያው ያንብበው። ከዚያ እንደገና ትከተብ። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ሲሞላ ደም ይቀዳል፤ በ29ኛው ቀን የተቀዳ ደም ዋጋ የለውም። ሴረሙ (ከደም ሕዋሳቱ የሚለየው ፈሳሽ) ተለይቶ ኅብረቱ ወደሚቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል፣ ውጤቱም በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንስቶ ሦስት ወር ካልሞላ መግባት አይቻልም። ዛሬ ብትጀምሪ ከአራት ወር በታች አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ደሙ ላይ ነው። ሴረሙ ሳይለይ ከቆየ ወይም ደሙ እንዳለ በረዶ ከሆነ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይፈርሱና ላቦራቶሪው ሊመልሰው ይችላል። በተቀዳበት ቀን ሴንትሪፊውጅ (ደሙን አሽከርክሮ የሚለይ ማሽን) ባለበት ቦታ ይለይ፤ ለሁለት ብልቃጥ ተከፍሎ የቺፑ ቁጥር ይጻፍበት፣ በቅዝቃዜ ይጓጓዝ። አንዳንድ ውሻ በአንድ ዶዝ 0.5 አይደርስም። ያኔ ዳግም መከተብ፣ ዳግም ደም መስጠትና ሦስቱን ወር ከሀ መጀመር ነው። ጊዜ ካለሽ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ዶዝ ስለመስጠት ሐኪሙን አማክሪ፤ 30ውን ቀን ግን ከሁለተኛው ቁጠሪ።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ቀድሜ ሄጄ ወንድሜ በኋላ ቢያመጣልኝስ?

ጣና ዳር፦
በጽሑፍ ከወከልሽው ወንድምሽ ሊያመጣት ይችላል። ግን የአንቺና የእሷ ጉዞ ከአምስት ቀን በላይ ከተራራቀ እንደ ንግድ ዕቃ ትቆጠራለች፣ ደንቡም ይከብዳል። ወይ ጉዞሽን አራዝሚው፣ ወይ ጊዜው ሲሞላ ተመልሰሽ አብረሽ ውሰጃት። የጤና ሰርተፊኬቱን መንግሥታዊ የእንስሳት ሐኪም ፈርሞ ማኅተም ያደርግበታል። ከተፈረመበት ቀን እስከ መግቢያው ፍተሻ የሚያገለግለው 10 ቀን ብቻ ነውና ቀድመሽ አታስፈርሚው። ለጀርመን በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ የተዘጋጀውን ቅጽ ያዢ።

ደጀን ላይ፦
ያልተነሳ ነገር ልጨምር፤ የዘመን አቆጣጠሩ። እኛ ጋ ካርድ ላይ 12/5/2018 ተብሎ ሲጻፍ ጥር 12 ማለት ነው። ፍራንክፈርት ላይ ያለው ሰው ግን ሜይ 12 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል፤ ክትባቱም ዓመታት ያለፈው ይመስለዋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 20 ቀን 2026 ነው። ወሩ በፊደል ይጻፍ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ብቻ። የክትባቱ ስም፣ የምርት ቁጥሩና ማብቂያው ያለበት ተለጣፊ ወረቀትም ካርዱ ላይ ይለጠፍ።

በአውሮፕላን የምትጓዝበትን ሳጥንም ካሁኑ አስለምጃት። ግቢ ውስጥ ተፈትታ ያደገች ውሻ ድንገት ሲዘጋባት በሩን ስትነክስ ጥርሷን ትሰብራለች። በሩን ከፍተሽ ውስጡ አብያት፣ ቀስ በቀስ መዝጋት ትጀምሪያለሽ። ልኩን እንዲህ አውጪ፦ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሥር 70 ሴንቲ ሜትር፣ ከመሬት እስከ ክርን 30 ከሆነች ርዝመቱ 70 ሲደመር የ30 ግማሽ፣ 85 ይሆናል። ወርዱ የትከሻዋ ስፋት እጥፍ፣ ቁመቱ ቆማ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ሲደመር የምንጣፉ ውፍረት። ውሃ መጠጫው ከውጭ የሚሞላ ይሁን።

አዊ፦
ማስታገሻ መርፌ ወይም ኪኒን ቢሰጣትስ? ሳትረበሽ ትደርሳለች።

ደጀን ላይ፦
አይሆንም ወንድሜ። ማስታገሻ የደም ግፊትንና ትንፋሽን ያወርዳል፣ በአየር ላይ ደግሞ የሚደርስላት የለም። አየር መንገዶችም የደነዘዘ ውሻ ላለመቀበል ይችላሉ። እስከ አዲስ አበባ ላለው መንገድ ግን ከመነሳት አራት አምስት ሰዓት በፊት አብልቶ ማቆም ይበቃል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ጠመዝማዛ ያስመልሳታል፣ የአባይ በረሃ ሙቀትም ይጨመርበታል፤ ወርዳችሁ ድልድዩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ጥላ ፈልጋችሁ ውሃ ስጧት፣ መኪናው ውስጥ ተዘግታ ለደቂቃም አትቅር።