«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

የሰሞኑ የቡድናችን ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቤታቸው የተማሩ ልጆች ምን ይጎድላቸዋል?

ቤት የተማረችው (ቨርጂኒያ)፦ እስቲ ጥያቄውን ገልብጡት። እስከ 18 ዓመቴ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ለቅሶ ቤትም ክርስትናም ስሄድ መጀመሪያ የምጠየቀው «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» ነበር። ሒሳቤ የዘጠነኛ፣ ሳይንሴ የሰባተኛ፤ ምን ልበል? «ቤት ነው የምማረው» ስል ሰውየው እኔን ትቶ እናቴን በዓይኑ ይፈልጋል። ኮሌጅ የገባሁ ሰሞን ደግሞ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ሽንት ቤት ለመሄድ እጇን አውጥታ ስትጠብቅ አየሁ። መምህሩ ራሱ ግራ ገባው። እዚያ ላደገ ሰው ይሄ አይታየውም፤ ለኔ ግን ባዕድ አገር ነው።

የደጀን ልጅ፦ ልጄ፣ ትምህርት ቤት እጅ ማውጣት ብቻ አይደለም። እኔ አሜሪካ ስገባ ሁለት ወር ሶፋው ላይ ያሳደረኝ የባቼ ልጅ፣ አብሮኝ በአንድ ዓመት የተማረ ነው። ዘመዴ አይደለም፣ ያገሬ ልጅም አይደለም። ባች የሌለው ሰው እንዲህ ሲቸግረው ለማን ይደውላል?

ቤት የተማረችው፦ ጋሼ፣ እሱን አልክድዎትም። በዚህ እቀናለሁ።

የቆሎ ተማሪ፦ ባችም ክፍልም የመጣው እኮ በቅርቡ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። የኔታ ዘንድ የሰባት ዓመቱ ፊደል ሲቆጥር የአሥራ አምስቱ አጠገቡ ዳዊት ይደግማል፣ ትልቁ ትንሹን ያስቆጥራል። ማን ስንተኛ ወጣ የሚል ካርድ አልነበረም።

የደጀን ልጅ፦ አለንጋ ግን ነበረ 😄

ከፍራንክፈርት፦ እዚህ ጀርመን ልጅን ቤት ማስተማር አይፈቀድም። እምቢ ያሉ ወላጆች ጉዳዩን እስከ አውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወስደውት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀባይነት አላገኙም። ልጆች ከሌላው ጋር ተቀላቅለው ይደጉ ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ልክ ነው እላለሁ፤ ያለ ትምህርት ቤት ልጄ ከማን ጋር ጀርመንኛ ያወራል?

የማታ ሺፍት (ሜሪላንድ)፦ የኔዋ ተገላቢጦሽ ናት። መዋዕለ ሕፃናት እስክትገባ አማርኛ ብቻ ነበር የምታወራው። ከገባች ብዙም ሳይቆይ ታናሽ ወንድሟን በእንግሊዝኛ መቆጣት ጀመረች፤ ያውም ጣቷን እየቀሰረች፣ ልክ እንደ መምህሯ! ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ቁጣውም ከዚያ መጣ። ቤት ላስተምራት ተመኘሁ። ግን ሌሊቱን አዛውንት ሳገላብጥ አድሬ ጠዋት ማንን አስተምራለሁ? ለመሆኑ ያንቺ እናት ሥራ ሲተዉ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍል ነበር?

ቤት የተማረችው፦ አባቴ። ሁለት ሥራ ነበረው። ነቅቶ የማየው እሑድ እሑድ ብቻ ነው።