ጄምስ ሞንሮን ለፖለቲካ ያበቃው የትሬንተን ቁስሉ ነውን?

ብራና (ጠያቂ)

የላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ ስሟን የወሰደችው ከአምስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከጄምስ ሞንሮ መሆኑን ከተማሪነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሰውየው በወጣትነቱ ወታደር እንደነበረ የተረዳሁት ግን በቅርቡ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት የዴላዌርን ወንዝ ሲሻገር የሚያሳየውን ዝነኛ ሥዕል ለክፍሌ ተማሪዎች ሳዘጋጅ ነው። ከዋሽንግተን ኋላ ባንዲራ ታቅፎ የቆመው ወጣት ሞንሮ ነው ይባላል። ሁለት ነገር እንድትነግሩኝ እለምናለሁ፦ በእርግጥ በዚያ ጀልባ ላይ ነበር ወይ? ደግሞስ አንድ የ18 ዓመት መቶ አለቃ በስተኋላ ለፕሬዚዳንትነት የበቃው በጦር ሜዳ ባገኘው ዝና ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ይቀለኛል።)

ነጋሪት

ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር። ከሥዕሉ ልጀምር። ኢማኑኤል ሎይትዘ ሥዕሉን የጨረሰው በ1851፣ ማለትም ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ75 ዓመት በኋላ ነው። ባለኮከቡ ሰንደቅ ዓላማ በኮንግረሱ የጸደቀው ጁን 14 ቀን 1777 ስለሆነ ዲሴምበር 25 ቀን 1776 ሌሊት በጀልባው ላይ ሊኖር አይችልም። ሞንሮም ከዋና አዛዡ ጋር በአንድ ጀልባ አልተሳፈረም፤ በሻምበል ዊልያም ዋሽንግተን ሥር ሆኖ ቀድሞ ከተሻገረው አነስተኛ ጦር ጋር ነበር።

የዚያ ጦር ተልእኮ ዋሽንግተን ሊያጠቃት ካሰባት ከትሬንተን ከተማ ውጭ ያለውን መንገድ ይዞ ወሬ ወደ ከተማው እንዳያልፍ መጠበቅ ነበር። ሞንሮ በስተርጅናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ በዚያ ብርድ መንገዱን ሲጠብቁ የአንድ ቤት ውሾች ጮኹባቸው፤ ባለቤቱም ወጥቶ እንግሊዞች መስለውት ይሰድባቸው ጀመር። የራሱ ወገኖች መሆናቸውን ሲያውቅ ግን የሚበላ ነገር አወጣላቸው፤ ሐኪም ስለነበረም ለአንድ ምስኪን ቁስለኛ እጠቅም ይሆናል ብሎ አብሯቸው ተነሣ። ስሙ ጆን ራይከር ይባላል።

ያ ምስኪን ሞንሮ ራሱ ሆነ። ጎሕ ከቀደደ በኋላ በከተማይቱ ዋና መንገድ ላይ ሄሲያን የሚባሉት፣ ለእንግሊዝ የተቀጠሩ የጀርመን ወታደሮች ሁለት መድፎች ሊተኩሱ ሲሰናዱ ሻምበል ዋሽንግተንና ሞንሮ ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ መድፎቹ ሮጡ። ሻምበሉ ቆስሎ ሲወድቅ ሞንሮ ጦሩን ተረክቦ መራ፤ ወዲያው እርሱም ትከሻው ላይ ተመታና ደም ቅዳ ሥሩ ተቆረጠ። መድፎቹ ተማረኩ፤ ሐኪሙም የሚፈስሰውን ሥር ይዞ ባያስር ኖሮ ስለዚህ ሰው ዛሬ የምንጽፈው ነገር ባልኖረም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ እኔ እንደምረዳው ሞንሮን ወደ ፖለቲካ የመራው ጀግንነቱ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የደረሰበት የውትድርና ክሽፈት ነው። ስለ ትሬንተን ውለታው የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጠው፤ ነገር ግን ምልመላው ስላልሠመረ የሚያዝዘው ወታደር አላገኘም፤ በእኛ አነጋገር ሻምበል የሌለው ሻምበል ሆነ። ስለዚህ የጄኔራል ሎርድ ስተርሊንግ ረዳት መኮንን ሆኖ በብራንዲዋይን፣ በጀርመንታውንና በመንመዝ ውጊያዎች ተሰለፈ፤ የዋሽንግተን ጦር በሰፈረበት በቫሊ ፎርጅም ክረምቱን አሳለፈ። በ1779 የዋሽንግተንን የምስክርነት ደብዳቤ ይዞ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ቨርጂኒያ ቢመለስ የሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጠው፤ ሠራዊቱ ግን አሁንም የለም፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበርና። በ1780 ከአገረ ገዢው ከቶማስ ጄፈርሰን ሥር ሆኖ ሕግ መማር የጀመረው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

አንቀጽ

ነጋሪት የጻፉት ትክክል ቢሆንም አንድ ሰው ዘንግተዋል፤ እርሱም የእናቱ ወንድም ጆሴፍ ጆንስ ነው። አባቱ በ1774 ሲሞት ልጁን ያስተማረው፣ በቨርጂኒያ ምክር ቤትና በኮንግረሱም ወንበር የነበረው ይህ አጎት ነው። ሞንሮ የሕግ ትምህርቱን በዊልያምስበርግ ይቀጥል ወይስ ጄፈርሰንን ተከትሎ ወደ ሪችመንድ ይሂድ በማለት ሲያመነታ ጄፈርሰንን እንዲከተል የመከረውም እርሱ ነው። እንግዲህ አጎት ያለው ሰው፣ ቁስሉ ባይኖርም እንኳ፣ በ1782 ወደ ቨርጂኒያ ምክር ቤት፣ በ1783 ደግሞ ወደ ኮንግረሱ ለመግባት መንገዱ ብዙም አያስቸግረውም ነበር።

የጦር ሜዳ ዝና ብቻውን ድምፅ እንደማያስገኝ ለማየት የ1789ን ምርጫ መመልከት ይበቃል። ሞንሮ ለመጀመሪያው የተወካዮች ምክር ቤት ከጄምስ ማዲሰን ጋር ተወዳደረ። ማዲሰን ሕመም የማይለየውና አንድም ውጊያ ያልተሰለፈ ሰው ሲሆን ሞንሮ የትሬንተን ቁስለኛ ነው። ውጤቱ 1,308 ለ972 ሆኖ ማዲሰን አሸነፈ። መራጩ የጠየቀው ማን እንደቆሰለ ሳይሆን ማን አዲሱን ሕገ መንግሥት እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ ነበር፤ ሞንሮ በ1788 ከተቃወሙት ወገን ነበረ። በማግስቱ ኩርፊያ አለመኖሩ ግን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ከዓመታት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ማዲሰን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደግሞ ሞንሮ ሆኑ።

ነጋሪት

አጎትየውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ውትድርናው ከሰውየው ጨርሶ አልወጣም ነበርና ከዚያው ከሚኒስትርነቱ ዘመን አንድ ነገር ልጨምር። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር በተጀመረው ጦርነት፣ በኦገስት 1814 እንግሊዞች ወደ ዋሽንግተን ከተማ ሲገሠግሡ የ56 ዓመቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጥቂት ፈረሰኞች አስከትሎ ጠላትን ሊሰልል ራሱ ወጣ፤ የመንግሥት መዛግብት ከከተማው እንዲወጡም መልእክት ላከ። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎች የነጻነት አዋጁን ዋና ቅጂ በበፍታ ከረጢት ከትተው ወደ ቨርጂኒያ ያሸሹት በዚያ ጊዜ ነው። ሁሉም አልተሳካለትም፤ በብላደንስበርግ አዛዡን ጄኔራል ሳያማክር የሰልፉን አቀማመጥ ለዋውጦ ተወቅሷል፤ ውጊያውም በሽንፈት አልቆ ከተማይቱ ተቃጠለች። ሆኖም የጦር ሚኒስትሩ ሥልጣን ሲለቅ ያንንም ኃላፊነት ደርቦ ያዘ፤ በ1816ቱ ምርጫ በመራጮች ጉባኤ 183 ለ34 ሲያሸንፍ ለብዙዎች ትዝ ያላቸው ከ40 ዓመት በፊት የሆነው ትሬንተን ሳይሆን ይህ ይመስለኛል።

ብራና (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ሞንሮቪያ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ከተማይቱ በስሙ የተጠራችው ስለ ምን ነው?

አንቀጽ

በ1800 ሞንሮ የቨርጂኒያ አገረ ገዢ ሳለ ገብርኤል የተባለ ባሪያ አንጥረኛ የመራው የነጻነት ዐመፅ ሊፈነዳ ሲል ተደረሰበት። ሞንሮ ራሱ የባሪያዎች ጌታ ነበር፤ ሚሊሻውን ጠርቶ ዐመፁን አከሸፈ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ተሰቀሉ። ስቅላቱ የት ላይ ይቁም ብሎ በደብዳቤ ጄፈርሰንን ቢጠይቀው፣ ይብቃ የሚል ስሜት በሕዝቡ ዘንድ እንዳለ መለሰለት። ከዚያ በኋላ የቨርጂኒያ ምክር ቤት እንዲህ ያሉትን ሰዎች ከአገር አውጥቶ የሚያሰፍርበት መሬት እንዲፈለግ አገረ ገዢው ከፕሬዚዳንቱ ጋር እንዲጻጻፍ አዘዘ። በ1816 የተቋቋመው የአሜሪካ የቅኝ ሰፈራ ማኅበር ነጻ የወጡ ጥቁሮችን ወደ ምዕራብ አፍሪካ መላክ ሲጀምር ፕሬዚዳንት ሞንሮ ደገፈው፤ ሰፈራውም በ1824 ሞንሮቪያ ተባለ። ሥዕሉንና ይህን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ከባድ ነውና፣ ቢቻልዎ ሁለት ቀን ይያዙለት።