የዕድሜ ማረጋገጫ ሲጠየቅ፦ ፓስፖርት ከመላካችሁ በፊት

ጦሳ ሥር፣ ለንደን

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። «ዕድሜህን አረጋግጥ የሚል ገጽ መጣብኝ፤ ፓስፖርቴን ላስገባ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ መልሱን አንድ ቦታ እናድርገው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ዕድሜን ማረጋገጥ በብዙ መንገድ ይቻላል፤ ፓስፖርት ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል የሚወጣ ሰነድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ወይም በእኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የብሪታንያ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ የጸደቀው በኦክቶበር 2023 ሲሆን ልጆች ጎጂ ይዘት እንዳያዩ ገጾች ዕድሜን እንዲያረጋግጡ የሚያስገድደው ክፍል ሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 25 ቀን 2025 ነው። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ነው። ሕጉን የጣሰ ድርጅት እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ሊቀጣ ይችላል። ስለዚህ «18 ዓመት ሞልቶኛል» የሚለውን ሳጥን መጫን ብቻ አያሳልፍም። ኦፍኮም ግን ሁሉም ሰው ፓስፖርት ያሳይ አላለም። ገጹ ላይ «ሌላ መንገድ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከታች ተደብቃ ነው የምትገኘው።

የባንክ አካውንት ያላችሁ ባንክን አስቀድሙ። ገጹ ወደ ባንካችሁ መተግበሪያ ይወስዳችኋል፤ እዚያ በራሳችሁ አሻራ ወይም የይለፍ ቃል ትገባላችሁ፤ ባንኩም «ከ18 በላይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከመፍቀዳችሁ በፊት ምን እንደሚጋራ አንብቡ። ቀሪ ሂሳብ ወይም የገንዘብ እንቅስቃሴ ከተጠየቀ ዕድሜን ለማወቅ የሚያስፈልግ አይደለምና ሰርዛችሁ ውጡ።

ክሬዲት ካርድ እዚህ አገር ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው ስለማይሰጥ ይበቃል። ዴቢት ካርድን ልጅም ስለሚይዘው አይቆጠርም። «ካርዴን አልቀበል አለኝ» የምትሉት አብዛኞቻችሁ ዴቢት ካርድ ስላስገባችሁ ነው።

በስልክ ቁጥር ማረጋገጥም ይቻላል፤ የዚህ ነገር ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። አረጋጋጩ፣ ማለትም ለገጹ ዕድሜ የሚያጣራው ድርጅት፣ ኔትወርኩን (የስልክ መስመር ድርጅቱን) የሚጠይቀው «በዚህ ቁጥር ላይ የአዋቂ ይዘት ማገጃው ተነሥቷል ወይ?» ብሎ ነው። ተነሥቶ ከሆነ የስልኩ ባለቤት አዋቂ ነው ተብሎ ይወሰዳል። አዲስ የመጣ ሰው ከሱቅ ገዝቶ ካርድ እየሞላ የሚጠቀምበት ሲም ግን ብዙውን ጊዜ ከነማገጃው ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የ50 ዓመት ሰው ሆኖም አላለፈም ይለዋል። መፍትሔው መታወቂያ ይዞ ኔትወርኩ ሱቅ ሄዶ ማስነሣት ነው። የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ። የቤተሰቡ መስመር ሁሉ በአባት ስም ሆኖ አባት በጅምላ ማገጃውን ካስነሡ፣ የ12 ዓመቷ ልጅ ስልክ እንደ አዋቂ ያልፋል። ማገጃው የሚሠራው በየመስመሩ ስለሆነ የልጆቹን አትንኩ።

በኢሜይል አድራሻ የሚገምቱም አሉ፤ አድራሻው ከባንክ ወይም ከመብራትና ጋዝ ድርጅት ጋር የቆየ ታሪክ ከሌለው አይሠራም። አዲስ መጤን አይጠቅምም።

በፊት ገጽታ መገመት ማለት ካሜራው ፊታችሁን አይቶ ዕድሜ ይገምታል እንጂ ማንነታችሁን ይፈልጋል ማለት አይደለም። ከባንክ ቀጥሎ የምመክረው ይህን ነው፤ በተለይ ገጹ ምስሉ ከስልካችሁ እንደማይወጣ በግልጽ ከጻፈ። ችግሩ ግምቱ ላይ ነው። ስሕተት ስለሚኖር ብዙ ድርጅቶች መስመሩን ከ18 ከፍ አድርገው ያሰምራሉ፤ የ20 ዓመት ወጣት ቢወድቅ የሚገርም አይደለም። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2024 ባወጣው ምርመራ ስሕተቱ እንደ ጾታ፣ እንደ ትውልድ አካባቢና እንደ ምስሉ ጥራት እንደሚለያይ፣ በሴቶች ፊት ላይም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ጀርባችሁን ለመስኮት ሰጥታችሁ አትነሡ፤ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፣ የካሜራውን መስተዋት ጥረጉ፣ መነጽር አውልቁ። ሒጃብ ወይም ሻሽ ማውለቅ አያስፈልግም፤ ከግንባር እስከ አገጭ ከታየ በቂ ነው።

ሰነድ ብቻ ሲቀር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቢአርፒ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ቀርቶ በኦንላይን ብቻ የሚታይ ኢቪዛ ከሆነ ወዲህ ብዙዎቻችን ከፓስፖርት በቀር እጃችን ላይ ካርድ የለም። ፈቃዳችንን በኦንላይን የምናሳይበት ሼር ኮድ ለአሠሪና ለአከራይ ነው፤ እነዚህ ገጾች ላይ የሚገባበት ቦታ የለውም። ቢያንስ 185 ቀን የመኖር ፈቃድ ያለው ሰው ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድ በኦንላይን በ34 ፓውንድ ማውጣት ይችላል። መኪና ባትነዱም አውጡት። ፓስፖርት ከኪስ ወደ ኪስ ከሚዞር እሱ ቢዞር ይሻላል።

ሸዋ በር፣ ደሴ

ጋሼ ጦሳ፣ እግዜር ይስጥልን። ከደሴ የሚላኩ ሰነዶችን በተመለከተ እኔ ልጨምር፤ እዚያ ማዶ «አልተቀበለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ችግሩ ከዚሁ ይነሣል።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ግንቦት 20 ቀን 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ሜይ 28 ቀን 2009 ነው የተወለደው። ወላጅ የልደት ካርዱን እያየ 20/09/2001 ብሎ ከሞላ፣ ማሽኑ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2001 ብሎ ያነበዋል። ልጁ ላይ 7 ዓመት ከ8 ወር ተጨመረበት፤ የ16 ዓመቱ ልጅ የ24 ዓመት ጎልማሳ ሆነ። ለጊዜው ሁሉ ነገር ይከፈትለታል፤ በኋላ ሰነድ ሲጠየቅ ግን ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምምና አካውንቱ ይታገዳል። ሲመነዘር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ይደመራል። ቀኑንና ወሩን በግምት አትሙሉ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። በስደት ሲመዘገቡ ጃንዋሪ 1 የተሰጣቸው ሰዎችም የሚጽፉት ያንኑ ነው፤ እውነተኛውን ቀን እዚህ ካስገቡት ሁለት ሰው ይሆናሉ።

ሁለተኛው ስም ነው። መሐመድን አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል በ«ኦ» ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ዩ»፤ አንዱ «ም»ን ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል። የቤተሰብ ስም ተብሎም አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም ይገባል። አካውንቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ግርጌ ካሉት ሁለት መስመሮች ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። እያንዳንዳቸው 44 ምልክት የያዙት እነዚያ መስመሮች ናቸው ማሽኑ የሚያነባቸው። ፎቶ ስታነሡ ጣታችሁ ቢሸፍናቸው ወይም ፕላስቲኩ ቢያንጸባርቅ «ሰነዱ ግልጽ አይደለም» የሚላችሁ ለዚህ ነው። ቀይ የቀበሌ መታወቂያ አትላኩ፤ ማሽኑ የሚያነበው ነገር የለውም፣ ያተረፋችሁት ቢኖር የቤት ቁጥራችሁን መስጠት ነው። «ስልኩን ፓስፖርቱ ላይ አስጠጋ» የሚል ከመጣ ደግሞ የሚፈልገው ቺፕ ነው፤ የቆየው ፓስፖርታችን ቺፕ ስለሌለው መቶ ጊዜ ቢያስጠጉት አያነብም። ተመልሳችሁ በፎቶ የሚለውን ምረጡ።

ፋይዳን በተመለከተ፦ የሰነዶቹ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ሥር ከሌለ በግድ አታስገቡት። 12 አኃዝ ያለውን ቁጥርና በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ለዘመድም ቢሆን በቴሌግራም አትላኩ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ፣ ኮምቦልቻም እንዲሁ፣ ሰው ፓስፖርቱን ስካን አስደርጎ ከሱቁ ኮምፒውተር በቴሌግራም ይልክና ይሄዳል። ፋይሉ እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ይቀራል። ሌላ የተላከለትን ካወረደም «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር ላይ ይቀመጣል። ሱቁ ጠዋት ማታ ሰው የሚፈራረቅበት ነው። የሚሻለው ቤት ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በራስ ስልክ ማንሣት ነው። ሱቅ መሄድ ግድ ከሆነ ፋይሉን ከዴስክቶፑም ከሪሳይክል ቢኑም አስጠፉ፤ ከዚያ በስልካችሁ ቴሌግራም ላይ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ የማታውቁትን መሣሪያ ሁሉ አስወጡ።

ቦርከና ዳር፣ ሜልበርን

እኛ አገር ያለው ከእንግሊዙ ይለያል፤ እንዳይምታታባችሁ። አውስትራሊያ ያወጣችው ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖረው ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ዲሴምበር 10 ቀን 2025 ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክ፣ ስናፕቻት፣ ኤክስ፣ ዩቲዩብ፣ ሬዲት ውስጥ አሉበት። ቅጣቱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሲሆን የሚያርፈው ድርጅቱ ላይ ነው። ልጁም ወላጁም አይቀጡም። «ልጅሽ አካውንት ስላለው ትከሰሻለሽ» እየተባለ እናቶችን የሚያስፈራራ ወሬ ስላለ ይህን አስረግጬ ነው የምናገረው፤ አብሽሩ።

ሁለት ነገር እወቁ። ሕጉ ድርጅቱ የመንግሥት መታወቂያን ብቸኛ መንገድ እንዲያደርግ አይፈቅድም፤ ሌላ አማራጭ ማቅረብ አለበት። ለዚህ ሲባል የተሰበሰበው መረጃም ሥራው ሲያልቅ መጥፋት አለበት። ስለዚህ መታወቂያ ብቻ የሚጠይቅ ገጽ ከገጠማችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሥታችሁ ለተቆጣጣሪው ለኢሴፍቲ ኮሚሽነር አሳውቁ።

ደሴ ካለችው አያት ጋር መደወል አይቋረጥም። መልእክት መላላክና መደወል ዋና ሥራቸው የሆኑት እንደ ዋትስአፕና ሜሴንጀር ያሉት ክልከላው ውስጥ የሉም። ዩቲዩብም ሳይገቡ ማየትን አልከለከለም፤ ልጆች መንዙማውንም መዝሙሩንም ያለ አካውንት ይሰሙታል። የሚያጡት የተመዘገቡባቸውን ቻናሎችና አስተያየት መጻፉን ነው። የልጁ አካውንት ከመዘጋቱ በፊት ፎቶና ቪዲዮውን አውርዱለት፤ የአካባቢያችን ልጆች የዘመድ ሠርግና የዓረፋ ፎቶ ብዙውን እዚያ ነው ያስቀመጡት።

ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ በአክስቱ የፊት ምስል ወይም በአክስቱ ፓስፖርት እንዲያልፍ አታድርጉ። ደሴ ያለች ዘመድ «ፊቴን ላውሰው» ብትልም አይሆንም፤ የእሷ ገጽታ በማታውቀው ድርጅት ከማትጠቀምበት አካውንት ጋር ይቆራኛል።

ጥያቄ፣ ማንቸስተር

ያለንበትን አገር የሚደብቀውን ቪፒኤን ብንጠቀምስ? ደሴ ለእረፍት ስንሄድ ገጹ ዕድሜ አይጠይቀንም፣ ስንመለስ ይጠይቀናል።

ጦሳ ሥር፣ ለንደን

ገጾቹ የሚያዩት ያላችሁበትን ቦታ እንጂ ዜግነታችሁን ስላልሆነ ነው። ቪፒኤን እዚህ አገር ሕገወጥ አይደለም። ነፃ የሚባሉት ግን አንድ የመታወቂያ ፎቶ ላለመስጠት ስትሉ የምትጎበኙትን ገጽ ሁሉ ለማታውቁት ድርጅት ማሳየት ይሆንባችኋል። የምትከፍሉበት የታወቀ ድርጅት ከሌላችሁ አልመክርም። ለልጅማ በጭራሽ፤ ጥበቃውም አብሮ ይነሣል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። በኦክቶበር 2025 ዲስኮርድ የተባለው የመወያያ መተግበሪያ የደንበኞች አገልግሎት በሚሠራለት ሌላ ድርጅት በኩል በደረሰ ጥቃት የ70 ሺህ ገደማ ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አሳውቋል። እነዚህ ዕድሜያቸውን በተመለከተ አቤቱታ ያቀረቡ ሰዎች ናቸው። ሰነዱ የወጣው ከአቤቱታው መዝገብ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሲጥላችሁ ተናድዳችሁ ፓስፖርታችሁን ከኢሜይል ወይም ከቅሬታ ቅጽ ጋር አታያይዙ፤ ሌላ መንገድ መርጣችሁ እንደገና ሞክሩ። ሰነድ የግድ ከሆነም አረጋጋጩ ማን እንደሆነና ስንት ቀን እንደሚያስቀምጠው አንብቡ። ለማነጻጸር ያህል፣ ሬዲት በብሪታንያ የሚጠቀመው አረጋጋጭ ድርጅት ፐርሶና ፎቶውን ከ7 ቀን በላይ እንደማያቆይ፣ ሬዲት ራሱ የሚይዘው ማለፋችሁንና የልደት ቀናችሁን ብቻ እንደሆነ ጽፏል። እንዲህ ቁጥር ያልጻፈ ገጽ ላይ ፓስፖርት አላስገባም።

በኤስኤምኤስ ወይም በቴሌግራም «ዕድሜህን በ24 ሰዓት ካላረጋገጥክ ይዘጋል» የሚል ሊንክ ከመጣ አትጫኑት። መተግበሪያውን ራሳችሁ ከፍታችሁ ሴቲንግ ውስጥ እዩ፤ እዚያ ከሌለ ሐሰት ነው። ኮድ ላኩልኝ የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

ሸዋ በር፣ ደሴ

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ ቀድሞ ፓስፖርቱን የላከ ሰውስ ምን ያድርግ?

ጦሳ ሥር፣ ለንደን

እህቴ፣ መብቱ አለው። ብሪታንያ ያለ ሰው ለአረጋጋጩም ለዋናው ድርጅትም ለየብቻ ይጻፍ፤ አንዱ ቢያጠፋ ሌላው ጋ ሊቀር ይችላል። ደብዳቤው አራት ነገር ይጠይቅ፦ ስለ እኔ የያዛችሁት ምንድን ነው፤ ለማን አካፈላችሁት፤ እስከ መቼ ታቆዩታላችሁ፤ የሰነዱንና የፊቴን ምስል አጥፉና ማጥፋታችሁን በጽሑፍ አሳውቁኝ። ክፍያ የለውም፤ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለባቸው፤ ጉዳዩ ውስብስብ ከሆነ ሁለት ወር ሊጨምሩ ይችላሉ። ዝም ካሉ ለመረጃ ኮሚሽነሩ ለአይሲኦ ማመልከት ይቻላል፤ አቤቱታው በአጭሩ ይጻፍ፣ የላካችሁት ደብዳቤና ቀኑ ይያያዝ። ማንነታችሁን ለማረጋገጥ ብለው አዲስ የፓስፖርት ቅጂ ከጠየቁ፣ በአካውንቱ በተመዘገበው ኢሜይል እንዲያረጋግጡ ጠይቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ፋይሉን አላጠፋም ካለ በአዋጁ ስም በጽሑፍ ጠይቁት፤ ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀን አስፈርሙ።