ኬሞ ከጨረስኩ በኋላ መርሳትና መፍዘዝ በዛብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ሂሳብ ያዧ፦
ጤና ይስጥልኝ። የጡት ካንሰር ታምሜ ቀዶ ጥገናውንም ኬሞውንም ጨርሼ አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠው ታሞክሲፈን የሚባለው ኪኒን ላይ ነኝ። ፀጉሬ በቅሏል፣ መብላትም ጀምሬያለሁ፤ ጭንቅላቴ ግን እንደ ድሮው አልሆነልኝም። የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እይዛለሁ። ደረሰኝ እየደመርኩ አንድ ሰው "እንዴት አደርሽ" ካለኝ የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋኛል፣ ከላይ እጀምራለሁ። ቃልም አፌ ላይ ደርሶ ይሰወርብኛል። ትናንት "ማጥለያ" ማለት አቅቶኝ "ያቺ ቅጠሉን የምታስቀረዋ" አልኩ። ልጆቼ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ማታ ግን አለቀስኩ። አለቃዬ ቸልተኛ የሆንኩ መስሎታል። ሐኪሜም "ይተውሻል" ብሎ አለፈው። የመርሳት በሽታ እየጀመረኝ ይሆን? ሥራዬንስ እንዴት ልያዘው?

ሲስተር፦
እህቴ፣ ምሕረቱን ይላክልሽ። ካንሰር ክፍል ስለምሠራ ይህንን ከብዙ እናቶች እሰማለሁ። በሕክምናው የታወቀ ነገር ነው፣ ፈረንጆቹ "ኬሞ ብሬን" ይሉታል። መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም የሚያመጣው፤ ድካሙ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጭንቀቱ፣ የወር አበባ በድንገት መቆሙ ሁሉ ይጨመርበታል። አልዛይመር ከሚሉት የመርሳት በሽታ ጋር አንድ አይደለም። አብዛኛው ሰው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀለለው ይሄዳል፤ ዓመታት የሚቆይበትም አለ።

ግን "ይተውሻል" ተብሎ ብቻ አይታለፍም፣ የሚታከም ምክንያት ተደብቆ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ (ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ) እና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚገኝ አጽዋማቱን ሁሉ የምትጾሚ ከሆነ ንገሪያቸው። የምትወስጂውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ አንዳንድ የአለርጂና የእንቅልፍ ኪኒኖች ራሳቸው ያደነዝዛሉ። "እረሳለሁ" ብቻ ብትይው ሐኪሙ ሊያልፈው ይችላል። የማጥለያዋንና የደረሰኙን ነገር እንዲሁ እንደጻፍሽው አንብቢለት።

አንድ ነገር ልብ በይ፦ ድንገት ግራ መጋባት፣ ማስታወክ ያለበት ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የምላስ መተሳሰር ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

የመሪ ሎቄው፦
ባለቤቴ በዚሁ አልፋለች። እኛን የረዳን አንድ ደብተር ነው። አንድ ብቻ፤ ወረቀት በየቦርሳው ከተበተነ ደግሞ እሱን ፍለጋ ነው። ሰዓቱ በጣም ያምታታት ነበር፣ ስልኩ በፈረንጅ፣ ሰው የሚቀጥራት በእኛ። አሁን ሁለቱንም ትጽፋለች፦ "ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፣ ስልኩ ላይ 14:00"። የሆስፒታል ካርድ ላይ ያለውንም ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ገልብጠን፣ ዕለቱን ጨምረን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። ታሞክሲፈኑን ደግሞ እሽጉ ላይ ከእያንዳንዷ ፍሬ ጎን ሰኞ፣ ማክሰኞ እያልሽ በእስክሪብቶ ጻፊበት፤ ዋጥኩ አልዋጥኩ የሚባል ጣጣ ይቀራል። ልጆችሽን "ነግረንሽ ነበር እኮ!" እንዳይሉሽ ንገሪያቸው። ሚስቴን ከመርሳቱ በላይ የጎዳት ይሄ ነው።

ሰሚራ፦
አላህ ያሽርሽ እህቴ። እኔ ታሞክሲፈኑን ሳቆም ቀለል አለኝ፤ ለተወሰነ ጊዜ ተይው። ጊንኮ የሚባል ከቅጠል የሚሠራ ኪኒን ከውጭ ይመጣል፣ ለማስታወስ ነው ይላሉ።

ፋርማሲስቱ፦
ሰሚራ፣ ለበጎ እንዳልሽው ይገባኛል፣ ግን ይሄ ምክር አደገኛ ነው። ታሞክሲፈን ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይመጣ ነው የሚወሰደው። አስቸግሮኛል ካልሽ ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ሌላ አማራጭ ካለ እሱ ያያል፤ በራስሽ ግን አታቁሚ። ጊንኮ ኬሞ በሚወስዱ የጡት ካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ጥቅም አልታየበትም፣ መድማትም ሊያባብስ ይችላል። ለድብርት መድኃኒት ከታዘዘልሽ ደግሞ ታሞክሲፈን እንደምትወስጂ ሳትናገሪ አትቀበይ፤ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች የታሞክሲፈኑን ኃይል ይቀንሱታል።

ከሜሪላንድ፦
እዚህ ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ልከውኝ ነበር፤ የዕለት ሥራን እንዴት እንደምንወጣው የምታሠለጥን ባለሙያ ናት። ያስተማረችኝ ተራ ነገር ነው፦ ከባዱን ሥራ ጠዋት፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ አለመንካት፣ ከመቋረጥ በፊት ምልክት ማድረግ። አንቺም ደረሰኙ ላይ ሰው ሲጠራሽ ቀና ከማለትሽ በፊት የደረስሽበትን ድምር በእርሳስ ጻፊው። ሌላው የእግር ጉዞ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ይመከራል፤ ካልቻልሽ በ10 ደቂቃ ጀምሪ። የማታ ቡናም ይቅርብሽ (ለሐበሻ ይሄን ማለት ከባድ ነው)፣ እንቅልፍ ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

የሰው ኃይል ባለሙያ፦
ሥራሽን በተመለከተ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ፈቃድ ከመውሰድሽ በፊት ግን አለቃሽን አነጋግሪው። "ታምሜያለሁ" ብቻ አትበይ፣ የምትፈልጊውን ለይተሽ ጠይቂ፦ ጠዋት ሰው የማይገባበት ሰዓት፣ ትእዛዝ በጽሑፍ፣ ወር መጨረሻ ላይ ድምሩን አብሮሽ የሚያይ ሰው። ለጤነኛ ሂሳብ ያዥም እኮ የሚገባ አሠራር ነው።

ሂሳብ ያዧ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የእርሳሷን ነገር ዛሬውኑ ጀምሬያለሁ። ሲስተር፣ ቲኤስኤች በባዶ ሆድ ነው?

ሲስተር፦
ለቲኤስኤች ግድ አይደለም፤ ስኳርም ከታዘዘ ግን ሳትበይ ሂጂ፣ ለማንኛውም ላብራቶሪውን ጠይቂ። ለፀጉርሽ ብለሽ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ውጤቱን ስለሚያዛባ ከምርመራው በፊት ቢያንስ 2 ቀን አቁሚው፣ ለላብራቶሪውም ንገሪ።

ሂሳብ ያዧ፦
ውይ፣ እወስዳለሁ! እንኳን ጠየቅኩ።